ዕቅድ ሲሞት ምን ያወርሳል?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ አጅማን ውስጥ በአንድ የአገሬው ቤተሰብ ቤት የምትሠራ እህታችን ከወጥ ቤቱና ከጽዳቱ በላይ አዲስ ሥራ ተጨመረባት፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከሆነው የቤቱ ትንሽ ልጅ ጎን ተቀምጦ ታብሌት መጠበቅ። ማዳም ሳሎን ውስጥ በላፕቶፕ የራሷን ሥራ ትሠራለች፤ ትልልቆቹ ልጆች በራቸውን ዘግተው ይማራሉ፤ ትንሹ ግን መምህርቷ ዞር ባለች ቁጥር ካርቱን ይከፍታል። «ወላሂ ጋሼ፣ ሁለተኛ ክፍልን በዐረብኛ ደገምኩ!» እያለች ስትስቅ ሰምቻታለሁ። በዚያው ወር የራሷ ልጅ ኮምቦልቻ፣ አያቱ ቤት ነበር። እዚያም ትምህርት ቤቱ በኮሮና ተዘግቷል። ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው ታብሌቱ ነው።

ሁለቱም ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱም መንግሥታት ቴክኖሎጂን ወደ መማሪያ ክፍል ለማስገባት ማቀድ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ልዩነቱን «ነዳጅ ያለው ገዛ፣ የሌለው ተቀመጠ» ብሎ መገላገል ይቀናል። እኔ ግን አልረካበትም። አጅማን ራሷ የረባ ነዳጅ የላትም፤ ኢትዮጵያም ድሃ ሆና ሳለ በሺዎች የሚቆጠሩ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ገዝታ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰቅላለች። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ የምከተለው ሌላ ጥያቄ ነው። የትምህርት ቴክኖሎጂ ዕቅድ ክርስትናው በየአገሩ ይደገሳል፤ ተዝካሩ ግን አይወጣም። ሪባን የተቆረጠለት ፕሮጀክት ሲያልቅ ማንም ወጥቶ «አለቀ፣ ይህን ያህል ሠራ፣ ይህን ያህል ከሸፈ» አይልም። ታዲያ ዕቅዱ ሲሞት ለሚቀጥለው ምን ትቶ ይሄዳል? የኤምሬቶቹን ዓመታት በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከሻርጃ ልጀምር። እዚህ ዘመናዊ የሚባለው ትምህርት የሚቆጠረው በ1953 ከተከፈተው የቃሲሚያ ትምህርት ቤት ነው። ያን ጊዜ መምህርና መጽሐፍ ከኩዌት ይመጣ ነበር፤ ወጪውንም ኩዌት ትሸፍን ነበር። በ1971 ፌዴሬሽኑ ሲመሠረት የዱባይ፣ የሻርጃና የአጅማን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ የፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ሆኑ። አቡዳቢ በኋላ የራሷን የትምህርት ምክር ቤት ስታቋቁም ሦስቱ ከሚኒስቴሩ ጋር ቀሩ። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሦስቱ ከተሞች ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲታቀድ የሚያቅደው ይኸው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሚኒስትሩ ይለዋወጣል፣ የፕሮጀክቱ ስም ይለዋወጣል፣ ወረቀቱ የሚቀመጥበት ካዝና ግን ያው ነው።

በ2000 የዱባይ ኢንተርኔት ሲቲ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በያኔው የዱባይ አልጋ ወራሽ በሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ ስም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኮምፒውተር ትምህርት የሚሰጥ ፕሮጀክት ተጀመረ። ሚኒስቴሩም «ራዕይ 2020» ያለውን ሰነድ አወጣ። የሰነዱ ዒላማ ዛሬ ሲነበብ ያስገርማል፤ በአፀደ ሕፃናት ለአሥር ልጅ አንድ ኮምፒውተር፣ በአንደኛ ደረጃ ለአምስት፣ በመካከለኛ ለሁለት፣ በሁለተኛ ደረጃ ለእያንዳንዱ አንድ። የዚያ ዘመን ዕቅድ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ልጅን በማሽን ማካፈል። ልጁ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ምን ይሠራል የሚለው ከስሌቱ ውጭ ነበር። በ2007 ደግሞ «መዳሪስ አልጋድ»፣ የነገ ትምህርት ቤቶች፣ የሚል ስም ይዞ በ50 ትምህርት ቤቶች ሌላ ሙከራ መጣ። የዚህኛው ልብ እንግሊዝኛና የማስተማር ዘዴ ስለነበር አልቆይበትም።

የሚያቆየኝ የ2012ቱ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የመሐመድ ቢን ራሺድ ስማርት ለርኒንግ ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ ለአምስት ዓመት አንድ ቢሊዮን ድርሃም። መስከረም ላይ ከሰባተኛ ክፍል ጀመሩ። ለተማሪው ታብሌት፣ ለክፍሉ ስማርት ቦርድ፣ ለግቢው የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ ለመምህሩ ሥልጠና። ከትምህርት ሚኒስቴሩ ጎን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትና የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተሰለፉ። ሰው ሁሉ ያየው ታብሌቱን ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ መኖሩ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ብቻውን ታብሌት ሲገዛ ኢንተርኔቱን የሚለምነው ከሌላ ቤት ነው። እዚህ ለማኙና ተለማኙ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጠዋል።

አምስት ዓመቱ አለቀ፤ የፕሮግራሙም ስም ከአደባባይ እየደበዘዘ ሄደ። ተዝካሩ አልወጣም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። የአንድ ቢሊዮኑን ድርሃም ውጤት ክፍል በክፍል የሚተነትን የመዝጊያ መዝገብ አደባባይ ሲቀርብ አላየሁም። ታብሌቶቹም በተፈጥሯቸው አርጅተዋል፤ የ2012 ታብሌት ዛሬ የሚያገለግለው በር እንዳይዘጋ ለመደገፍ ነው። ኔትወርኩና የሠለጠነው ሰው ግን አላረጀም። ሌላም ነገር ተጨመረበት። በ2017 «የትርጉም ፈተና» በሚል 5000 የሳይንስና የሒሳብ ቪዲዮዎችን ወደ ዐረብኛ ለመመለስ ዘመቻ ተጀመረ፤ 11 ሚሊዮን ቃል ገደማ ነበር። በዓመቱ ቪዲዮዎቹ «መድረሳ» በሚባል ነፃ መድረክ ላይ ወጡ። ማሽን ተገዝቶ የሚታይበት ነገር በልጁ አፍ መፍቻ ካልተዘጋጀ ስጦታው ባዶ ሣጥን መሆኑን ቢዘገዩም ገብቷቸዋል።

ፈተናው በመጋቢት 2020 መጣ። የፀደይ ዕረፍቱን አስቀድመው ትምህርት ቤቶቹን ዘጉ፤ በወሩ በ22ኛው ቀን የርቀት ትምህርቱ በአገር ደረጃ ተጀመረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሆኑ ነው። የዱባዩ የሐምዳን ቢን መሐመድ ስማርት ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን በ24 ሰዓት የኦንላይን አስተማሪ የሚያደርግ ነፃ ኮርስ ከፈተ። ከሁሉ የገረመን ደግሞ፣ እኛ እዚህ የምንኖር ሐበሾች አገር ቤት እናታችንን በዋትሳፕ ደውለን ማናገር በማንችልበት አገር፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለዙም፣ ለቲምስ፣ ለብላክቦርድና ለመሰሎቻቸው በሩን ከፈተ። «የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ለእነሱ አልሠራም፤ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ነበር። የ2012ቱ ዕቅድ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ብሎ የዘረጋው ሽቦ ሙት ከተባለ በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። ውርስ ያልኩት ይህን ነው።

ይህን ስል ልጆቹ በቴክኖሎጂው ብዛት ተራቀቁ ማለቴ አይደለም። በ2022ቱ ዓለም አቀፍ የፒሳ ፈተና የኤምሬቶቹ የ15 ዓመት ተማሪዎች በሒሳብ 431 አገኙ፤ የበለጸጉት አገሮች ማኅበር አማካይ 472 ነበር። በ2018 ደግሞ 435 ነበር። ንባቡ በአራት ዓመት ከ432 ወደ 417 ወርዷል። ኮሮና በመሐል ስላለ ጥፋቱን ሁሉ በታብሌት ማሳበብ አይገባም፤ ግን ሃያ ዓመት የተዘራበት ማሳ ይህን ያህል ብቻ ካበቀለ አራሹ ቆም ብሎ አፈሩን ማየት አለበት። ቀድመውም ማየት የጀመሩ ይመስለኛል። ሚኒስቴሩ በ2018 ባወጣው ውሳኔ ተማሪ ሞባይል ይዞ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ከልክሏል። በአንድ እጅ ስክሪን ሰጥቶ በሌላው መቀማት ግራ ያጋባል፤ ሲያስቡት ግን ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ስክሪንና ልጁ ከቤት የሚያመጣው ስክሪን አንድ አይደሉም።

የቅርቡ ዕቅድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት ነው። ግንቦት 2025 ላይ በመጪው የትምህርት ዘመን ከአፀደ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደሚሰጥ ተነገረ፤ አንድ ሺህ ገደማ መምህራንም ለዚሁ ታስበዋል። ትምህርቱ በሥራ ላይ ባለው የኮምፒውቲንግና የፈጠራ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ የትምህርት ሰዓት አልጨመረም። አዲሱ የሚቀመጠው በአሮጌው መደብ ላይ ነው። ከ2000 ጀምሮ ያልፈረሰ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ባይኖር ይህ ዕቅድ መቀመጫ አያገኝም ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹን ይህ ሁሉ ዕቅድ አይነካቸውም። ዱባይ ብቻዋን በ2024–25 በ227 የግል ትምህርት ቤቶች ከ387 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሯት። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት በመሠረቱ የዜጎች ነው፤ የውጭ ዜጋ ልጅ የሚገባው በተወሰነ ቁጥር፣ በክፍያና በቅድመ ሁኔታ ሲሆን ትምህርቱም በአመዛኙ በዐረብኛ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ልጅ ዕድሉ ቀንቶት ከእናት ከአባቱ ጋር እዚህ ካደገ ብዙውን ጊዜ የሚማረው ሻርጃ ወይም አጅማን፣ ክፍያው ቀለል ባለ የሕንድ ወይም የፓኪስታን ሥርዓተ ትምህርት በሚከተል የግል ትምህርት ቤት ነው። ጂዳና ሪያድ ውስጥ እንዳሉት ዓይነት የኢትዮጵያ ኮሙዩኒቲ ትምህርት ቤት የለመደ ሰው ከሳዑዲ ወደዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚህስ የእኛ ትምህርት ቤት የለም?» ብሎ ነው።

በግል ትምህርት ቤት ዕቅዱ የመንግሥት ሳይሆን የወላጅ ኪስ ነው። ዱባይ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ የትምህርት ባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪዎች በየትምህርት ቤቱ እየገቡ ከ«እጅግ የላቀ» እስከ «እጅግ ደካማ» ደረጃ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ሻርጃም በ2018 ለግል ትምህርት ቤቶች የራሷን ባለሥልጣን አቋቁማለች።  ቁጥጥሩ ጥራትን ይለካል እንጂ ታብሌት አይገዛም። በኮሮናው ጊዜ ሦስት ልጆች በአንድ ስልክ ሲማሩ ያየሁት አጅማን ውስጥ ነው፤ ጠዋት ትልቋ፣ ከሰዓት መካከለኛው፣ ማታ አባትየው ከሥራ ሲገባ በእሱ ስልክ ትንሹ። ከዚያ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ርቆ ያች እህታችን የአገሬውን ልጅ ታብሌት ትጠብቃለች። አንድ ሰፈር፣ አንድ ኔትወርክ፣ ሁለት ዕቅድ።

አሁን ወደ አገር ቤት። እዚህ ላይ ዳኛ ብቻ አይደለሁም፤ ተከሳሽም ምስክርም ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲገባ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ።

ከዚያ በፊትም ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች ትምህርት ይተላለፍ ነበር፤ የትምህርት ሬዲዮም ከአንድ ትውልድ በላይ አስተምሯል። ፕላዝማው ግን ሌላ ነገር ነው። በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይለቀቃል፤ ትምህርቱን ያዘጋጀው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ያውም አፍ አፍን የሚያሯሩጥ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የስክሪኑ ነው። የእኔ ድርሻ መግቢያው አምስት ደቂቃና መውጫው ላይ የተረፈው ነበር። የብረት ሣጥኑን ቁልፍ እይዛለሁ፣ ሪሞቱን እጫናለሁ፣ እቆማለሁ። ስክሪኑ «አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይልና ትንሽ ሙዚቃ ያሰማል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ኒውተን ሕጉን ደርድሮ ሲጨርስ እኛ ጨለማ ውስጥ ነን፤ መብራት ሲመለስ ኬሚስትሪ ገብቷል።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይስት ያየሁትን መልካምም ልናገር። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ በኖረበት ትምህርት ቤት ልጆቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙከራ ሲሠራ በዓይናቸው ያዩት በፕላዝማ ነው። የገጠር ልጅ አዲስ አበባ ካለው ልጅ ጋር በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ማየቱም ትንሽ ነገር አይደለም። በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ከኤምሬቶቹ የሚበልጥ ፍትሕ ነበረው፤ ዜጋና እንግዳ፣ ሀብታምና ድሃ ብሎ አልለየም። ስኩልኔት የሚባለው መረብም አብሮ የተዘረጋው ትምህርት ቤቶችን ለማገናኘት ነበር።

ውርሱን ስመረምር ግን እጄ ባዶ ነው። ስክሪኖቹ አንድ በአንድ ሲበላሹ የሚጠግናቸው ሰው በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ቪዲዮው በየትምህርት ቤቱ ተቀድቶ ስላልተቀመጠ ሥርጭቱ ሲቆም ትምህርቱም ቆመ። የከፋው ግን እኛ መምህራን ላይ የደረሰው ነው። ለሦስት ዓመት የትምህርት ዝግጅት ማስታወሻ አልጻፍኩም፤ ለምን እጽፋለሁ? በአራተኛው ዓመት መብራት ጠፍቶ ሰሌዳው ፊት ስቆም የምወደው ትምህርት ከእጄ ሸሽቶ አገኘሁት። ፕላዝማው ሄደ፤ የእኔን ልምምድም ይዞብኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዝርዝር እንደ ደራሽ ውሃ ነው። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ አምስት ሺህ ያህል አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ የኤክስ ኦ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ልጆች መጡ። በ2004 ደግሞ ላፕቶፖቹን ያዘጋጀው ድርጅት ሰዎች ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች መምህር ለሌላቸው፣ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ ሰጥተው ዞር አሉ። ልጆቹ በወራት ውስጥ የፊደል መዝሙር መዘመር ብቻ ሳይሆን የተቆለፈውን የታብሌት ካሜራ ከፈቱ ተብሎ በዓለም ተወራ። የልጆቹ ብልኅነት እውነት ነው፤ ያንን ይዞ «መምህር አያስፈልግም» ማለት ግን ጥጃው ሳር መንጨት ጀመረ ብሎ ላሟን መሸጥ ነው። በ2013 የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ሊሰጥ ታቅዶ ታብሌቶቹ በጊዜ ባለመድረሳቸው በወረቀት ተሰጠ። በ2016 ከ680 ሺህ በላይ ከነበሩት ተፈታኞች 29 ሺህ ገደማዎቹ በኮምፒውተር ተፈተኑ፤ ይህኛው ቀስ ብሎ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ማሽንና መስመር ላይ የተጀመረ ስለሆነ ዕድሜ ይኖረው ይሆናል እላለሁ።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስል፤ ፔሩ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ አድላ የተደረገው ጥናት በሒሳብም በቋንቋም የፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ሎስ አንጀለስ በፈረንጆቹ 2013 ለተማሪዎቿ አይፓድ ማደል ስትጀምር ልጆቹ መቆለፊያውን ለመስበር የፈጀባቸው ቀናት ብቻ ነው፤ በዓመቱ ዕቅዱ ቆመ። ገንዘብ ያለውም ይሳሳታል፤ ልዩነቱ ስሕተቱን ደግሞ ደጋግሞ ለመክፈል አቅም ያለው መሆኑ ነው።

የሚያሳስበኝ ሁለቱን አገሮች በቀጥታ ያገናኘው ዕቅድ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የሦስት ዓመት መርሐ ግብር በኤምሬቶቹ ትብብር አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። እናቱ በፈረንጆቹ 2017 እዚህ የተጀመረው «አንድ ሚሊዮን የዐረብ ኮደሮች» ነው። ትምህርቱ በኢንተርኔት፣ በነፃ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። እዚህ ያማረው ከበሮ ከሥሩ አሥራ ሰባት ዓመት የተደራረበ ነገር ነበረው፤ ሽቦው፣ ክፍለ ጊዜው፣ የሠለጠነው ሰው። እኛ የወሰድነው ከላይ ያለውን ነው። ምስክር ወረቀቱ ሲቆጠር ውሎ ሲያድር ማሽኑም መብራቱም ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታየኝም።

ያች እህታችን ዛሬም አጅማን ናት። ያኔ የሁለተኛ ክፍል የነበረው የቤቱ ልጅ አድጓል፤ አሁን እሷን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተምራታል፤ ዐረብኛዋን እያረመ። የእሷ ልጅ ኮምቦልቻ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ ስላልተዳረሰ መጽሐፎቹን የሚያነበው በፒዲኤፍ፣ ከቴሌግራም አውርዶ፣ እሷ በሰው እጅ በላከችለት ስልክ ነው። ባለፈው ደውላልኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቋል አለኝ። እዚህ ዱባይ፣ ናይፍ ሰፈር ያስጠገንኩት እንደሆነ፣ እስኪመለስለት ድረስ በምን ያጠናል?»